ማናዬ ሽማግሌ ላከች

ማናዬ አፏ እንጂ ልቧ ክፉ አይደለም። ይህን ከሀና ማርያም እስከ ለቡ መብራት ኃይል ማንንም ብትጠይቁ ይነግራችኋል፤ የታክሲ ረዳቶች ሳይቀሩ። መልስ ያስቀረባትን ረዳት ዘር ማንዘሩን ሳታነሳ ከታክሲ አትወርድም። ያው ረዳት ታሞ ተኛ ሲባል ግን ብርቱካን ይዛ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። እኔ ጎረቤቷም የሥራ ባልደረባዋም ስለሆንኩ ስድቧንም ብርቱካኗንም ቀምሻለሁ።

ያገናኘን የጓንት ፋብሪካው ነው። የበግ ቆዳ ጓንት ይሰፋል፣ ወደ ውጭ ይላካል። ጓንት ለማያውቀው ቀላል ይመስላል። አራቱ ጣቶች ቀጥ ብለው ስለሚሄዱ አያስቸግሩም፤ የሚያስቸግረው አውራ ጣት ነው። ለብቻው ይቆረጣል፣ ለብቻው ይሰፋል፣ ከዚያ መዳፉ ላይ ባለው ቀዳዳ ዙሪያ ይገጠማል፤ ክሩ ትንሽ ከጠበቀ ጓንቱ ሲታጠፍ ይጨማደዳል። ማናዬ አውራ ጣት ገጣሚ ነበረች፣ በኋላም የገጣሚዎቹ ሱፐርቫይዘር ሆነች። በእሷ ላይን፣ ማለትም በምትመራው የስፌት መስመር፣ የተሰፋውን ሁሉ በራሷ እጅ አጥልቃ፣ ጣቷን አጥፋ ዘርግታ ካላየች አታሳልፍም። በረዶ አገር የሚኖር የማታውቀው ሰው እጁ እንዳይበርደው የምትጨነቀውን ያህል ለራሷ ጉንፋን ተጨንቃ አታውቅም።

ከመንዝ ልጅ ሆና መጥታ ሰው ቤት ነው ያደገችው። ፋብሪካው ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተቀጣሪዎች አንዷ ነበረች። ልጇን ውዳሴን ያሳደገችው በዚያ ደመወዝ ነው፤ ውዳሴ አሁን መካኒሳ ባለ የግል ኮሌጅ ፋርማሲ ትማራለች። ባል አለ ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቋት፤ መልሱ ረጅም ነው፣ ለጆሮም አይመችም።

እኔ ናዝሬት እባላለሁ። ቢሮ ውስጥ ጸሐፊም፣ አስተርጓሚም፣ ማኅተም መቺም ነበርኩ። አለቃችን ሚስተር ኦርሃን ከኢስታንቡል የመጣ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ አማርኛው «ቶሎ ቶሎ» እና «ችግር የለም» ላይ የቆመ ሰው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቁጡ ነበር። በየሰኞው ከዋናው መሥሪያ ቤት ስለ ዓለም ኢኮኖሚ ትንበያ የሚያወራ ወፍራም ሪፖርት በኢሜይል ይላክለታል። እሱ ከስክሪን ላይ ማንበብ ስለማይወድ እኔ አትመዋለሁ፣ እየታተመም አነበዋለሁ። ምስጢር አልነበረም። ምሳ ሰዓት ላይ ለጠየቀኝ ሁሉ እናገር ነበር፤ የሚሰማኝ ጠፋ እንጂ።

ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር የተባለ ሰሞን ፋብሪካው ውስጥ ደስታ ነበር። «ዶላር የምናስገባው እኛ ነን፣ ደመወዝ ይጨመራል» ተባለ። ተጨመረም፤ ጭማሪውን ግን ዘይትና የቤት ኪራይ በር ላይ ቆመው ተቀበሉት። ክሩም፣ ገበሩም፣ ማለስለሻ ኬሚካሉም ከውጭ ስለሚመጣ ለእነሱ የሚወጣው ብር በእጥፍ ጨመረ። ቀይ ባሕር አስፈሪ ሆኖ መርከቦች አፍሪካን ዞረው መሄድ ሲጀምሩ ደግሞ ለክረምት የታዘዘ ጓንት ብርዱ ካለፈ በኋላ ይደርስ ጀመር። አሜሪካ ወደ አገሯ በሚገባ ዕቃ ሁሉ ላይ ቀረጥ ጨመረች። በዚያ ላይ ባለገንዘቦቹ ባሉበት አገር ወለዱ ጥሩ ነው፤ ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡን ሩቅ አገር ልኮ እንቅልፍ ከሚያጣ ደጁ ካለ ባንክ አስቀምጦ ቢተኛ ይሻለዋል። ሪፖርቱ ይህንን በሥዕልና በቀስት ያስረዳል። ወደ ታች የሚያመለክቱት ቀስቶች በየሳምንቱ በዙ።

ማናዬ ይህን ሁሉ ስነግራት እያላመጠች ትሰማኝና «እንግዲህ ፈረንጅ ወለድ በላ ብሎ የኔን መኪና የሚዘጋው ምን አገናኝቶን ነው?» ትላለች። የስፌት መኪናዋን ማለቷ ነው። ሰዉ ሁሉ አብሯት ይስቅ ነበር።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። የጓንት ገዢዎቹ ጥራት ላይ ጥብቅ ብለው ነበርና ሚስተር ኦርሃን ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ከፎቅ ወረደ። የማናዬ ላይን የጨረሰውን ቅርጫት ብድግ አደረገ፣ አንዱን ጓንት ዘረጋ፣ አውራ ጣቱን ጎተተው። ከዚያ ቅርጫቱን ወለሉ ላይ ገለበጠው። ጽዳቶቹ ገና ወልውለው ስለነበር ወለሉ እርጥብ ነበር። ነጣ ያለው ቆዳ ውሃ ነካው፤ ውሃ የነካው ያ ዓይነት ቆዳ አለቀለት። ማናዬ ከመቀመጫዋ ተነሳች። አዳራሹ ሙሉ ሰው እየሰማ «ከነሥርህ ይንቀልህ! ከዚህ አገር ነቅሎ ይውሰድህ!» አለችው።

እሱ ዞር ብሎ አያት። ስልኩን እንደያዘ ወደ ፎቅ ወጣ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ትርፍ ሰዓት ቀረ። ቀጥሎ የአዳራሹ ግማሽ መብራት ጠፋ። ጥሬ ቆዳ ይዞ የሚመጣው አይሱዙ አንድ ሰሞን ቀረ፣ ሌላም ሰሞን ቀረ፣ ከነጭራሹ ጠፋ። እኔ ሪፖርቱን ስለማነብ የማየው ቀስቶቹን ነበር፤ አዳራሹ ግን የሚያየው ማናዬን ነበር። «ሰውዬው አኩርፏል» ተባለ መጀመሪያ። ቀጥሎ «እርግማኗ ያዘ» ተባለ። ሴቶቹ ምሳቸውን የሚበሉት በአንድነት፣ ምሳ ዕቃቸውን መሐል አድርገው እየተቋደሱ ነው። አንድ ቀን ማናዬ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ስትመጣ ክቡ ሳይከፈትላት ቀረ። ማንም ክፉ አልተናገራትም። ፈቀቅ ያለላት ሰው ብቻ ታጣ። ያቺ ታክሲ የምታንቀጠቅጥ ሴት መኪናዋ አጠገብ ሄዳ ተቀምጣ ብቻዋን በላች፤ እኔ ከፎቅ ሆኜ በመስታወት አየኋት።

የመዘጊያው ማስታወቂያ የተለጠፈ ዕለት ማታ ቤቴ መጣች። አልተቀመጠችም።

«ናዚ፣ እኔ ነኝ አይደል?»

«አይደለሽም አልኩሽ እኮ እትዬ ማናዬ! ስንቴ ልንገርሽ? ገበያው ነው።»

«ገበያ ሰው ነው። ሰው ካልሸጠና ካልገዛ ገበያ ምንድነው? ዞር ብሎ ሲያየኝ ዓይኑን አይቻለሁ። ገብቶታል።»

«አማርኛ አይችልም!»

«እርግማን አስተርጓሚ አይፈልግም» አለችኝ። «ይሄን ሁሉ ሰው እንጀራ ያሳጣሁት በአፌ ነው። ቆራጩ ፍሮምሳ ባለፈው ዓመት ነው ያገባው። አብሮት የሚቆርጠው ብሩኬ ሚስቱ ወልዳለች። ውዳሴን ነገ ምን እላታለሁ? እናትሽ አንድ ቃል ተናግራ ትምህርትሽን አቋረጠችው ልበላት?»

ሪፖርቱን አውጥቼ ቀስቶቹን ላሳያት አማረኝ፤ ግን ምን ያደርግላታል? ያን ያህል የሚያስፈራት ነገር ቀስት አይሆንም። የሚያስፈራት ሰው ነው። ሰው ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱን ታውቃለች።

«ሽማግሌ እልክበታለሁ» አለች።

የተመረጡት ሽማግሌዎች ሁለት ነበሩ። አንዱ የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ገብረ መድኅን ናቸው፤ በጡረታ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የወጡ፣ ንግግር ሲጀምሩ ጉሮሯቸውን ሦስቴ የሚጠርጉ። ሌላው ኦቦ ቱሉ ናቸው። ፋብሪካው የቆመበት መሬት የሳቸው ማሳ ነበር፤ ጤፍና ሽምብራ ይዘሩበት ነበር። አሁን ከአጥሩ ጀርባ በቀረችው ቦታ ላም ያረባሉ፣ ወተት ይሸጣሉ። ያ ቆዳ ቆራጩ ፍሮምሳ ልጃቸው ነው። ጉዳዩ ሲነገራቸው ብዙ አላሰቡም። «ሰውና ሰው ሲኮራረፍ ጃርሱማ ነው የሚገባው» አሉ፤ ሽማግሌ ገብቶ ማስታረቅ ማለታቸው ነው። «መሬቴን ስሰጥ ከሰውዬው ጋር እጅ ተጨባብጠናል። እኔን እምቢ አይልም።»

እኔ ሁለቱንም ለየብቻ አግኝቼ ነገሩ ሌላ እንደሆነ ተናግሬያለሁ። ጋሽ ገብረ መድኅን «ልጄ፣ ገበያውም እኮ በሰው እጅ ነው ያለው» አሉኝ። ኦቦ ቱሉ ደግሞ ስለ ወለድ ሳስረዳ ላሟን እያለቡ ነበርና ስጨርስ ቀና ብለው «ታዲያ ተቆጥቷል ማለት ነው» አሉኝ። ተስፋ ቆረጥኩ። እውነት ለመናገር ትንሽ ደግሞ ተስፋ አደረግኩ፤ ማን ያውቃል፣ ሰውዬው ልቡ ራርቶ አንድ ነገር ያደርግ ይሆናል ብዬ። ጭንቀት ሰውን እንዲህ ያጃጅለዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ተያይዘን ወደ ቢሮው ወጣን። ማናዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አደግድጋ፣ ማጅራቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማ፣ አንገቷን ደፍታ ከኋላ ነበረች። ድንጋዩ ትንሽ አልነበረም። ትንሽ አምጪ ብላት «የበደሌን ያህል ነው የምሸከመው» ብላ ልትሳደብ ምንም አልቀራት። ሴቶቹ ሽማግሌ መላኩን ሰምተው ቅዳሜም ቢሆን የፋብሪካው በር ላይ ተሰብስበው ነበር። ስናልፍ መንገድ ለቀቁልን።

ሚስተር ኦርሃን በሩ ተከፍቶ ሲያየን ክው አለ። «ምን ሆናለች? የምን ድንጋይ ነው? አውርዱላት!» አለኝ በእንግሊዝኛ። የበደለ ሰው በእኛ ዘንድ ይቅርታ የሚጠይቀው እንዲህ ነው፣ ድንጋዩን የሚያወርድላት የተበደለው ሰው ነው፣ የተበደልከው አንተ ነህ አልኩት። ቀስ ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። ኦቦ ቱሉን ሲያይ ደግሞ ያላሰብኩትን አደረገ፤ እጃቸውን ሳመና ግንባሩ ላይ አስነካ። በእነሱም አገር ትልቅ ሰው እንዲህ ነው የሚከበረው ለካ። ኦቦ ቱሉ ወደኔ ዞረው «አላልኩሽም?» በሚል ዓይን አዩኝ።

ጋሽ ገብረ መድኅን ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። «ይቺ እህታችን በቁጣ ሰዓት የማይባል ተናግራብዎታለች። ተጸጽታለች። እኛም ስለሷ ከእግርዎ ሥር ወድቀናል። እርስዎም ቤትዎን አያፍርሱ፤ የብዙ ሰው ቤት ነው።»

ማናዬ ተንበርክካ መሬት መሬት እያየች ተናገረች። «ከነሥርህ ይንቀልህ ብዬሃለሁ። ያን ቀን ጓንቱን የደፋህ ዕለት። አፌ ነው፣ ልቤ አላለም። እግዜር እኔን ይንቀለኝ እንጂ አንተን አይንቀልህ። በእኔ ተቆጥተህ ይሄን ሁሉ ሰው አትበትን። እኔን አባረኝ።»

ተረጎምኩ። አንድም ቃል አላስቀረሁም። ሚስተር ኦርሃን ሲሰማ ቆየና ግንባሩን አሸ።

«የትኛው ቀን?» አለ።

ነገርኩት። ከዚያ ቀስ ብሎ «ያን ቀን ስልክ ላይ ነበርኩ» አለ። «ከዋናው መሥሪያ ቤት ነበር። እንሸጣለን፣ እንወጣለን ያሉኝ ያኔ ነው። አልሰማኋትም። እሷ ምን እንደተናገረች ቀርቶ መናገሯን አላስታውስም።»

ይህንን ወደ አማርኛ ስመልስ ማናዬ ቀና ብላ አየችኝ። ያላመነች ይመስላል፤ እኔ ልደብቅላት ብዬ የፈጠርኩት መስሏት ይሆናል። እሱ ግን መጥቶ አጠገቧ በርከክ አለ፣ ድንጋዩን በሁለት እጁ ከማጅራቷ አነሳና መሬት አስቀመጠው። «ሥራሽን መሬት መድፋት አልነበረብኝም» አለ። «ጥፋቱ የጓንቱ አልነበረም። ያን ቀን የማደርገውን አላውቅም ነበር። አንቺም ይቅር በይኝ።» ኦቦ ቱሉ ብድግ ብለው በኦሮምኛ መረቁ፣ ጋሽ ገብረ መድኅን በአማርኛ ደገሙት። ማናዬ አለቀሰች። ሚስተር ኦርሃንም ዓይኑ ቀላ። እኔ ሳላስበው ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ነበር። ደንበኛ እርቅ ነበር፤ ምንም የጎደለው ነገር አልነበረም።

«እንግዲህ ታርቀናል» አሉ ኦቦ ቱሉ እጃቸውን እያፋተጉ። «ሰኞ ሥራ ይገባል።»

ሚስተር ኦርሃን «ምን አሉ?» በሚል ዓይን አየኝ። ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። «አላስረዳሻቸውም እንዴ?»

«አስረድቻለሁ። አንተ ንገራቸው።»

ነገራቸው። ፋብሪካው የሱ አይደለም፤ እሱም እንደነሱ ተቀጣሪ ነው፣ የመመለሻ ትኬቱ ተቆርጧል። የፋብሪካው ባለቤት የብዙ ሰዎችን ቁጠባ ሰብስቦ በየአገሩ የሚያሠራ አንድ የገንዘብ ድርጅት ነው። ትርፉ በብር ሲታይ ጥሩ ነው፤ በዶላር ሲመነዘር ግን ቀንሶ ይገኛል። እንዲህ ዓይነቱን ገበያ ሁሉ በአንድ ቀን ለቀው ለመውጣት ወሰኑ፤ እዚህ ብቻ ሳይሆን በሌሎችም አገሮች። መኪኖቹ ሐሙስ ኮንቴይነር ውስጥ ይገባሉ።

ማናዬ እንባዋን ጠርጋ ተነሳች። «ካልተቆጣ ለምንድነው የሚሄደው?» አለችኝ። ከዚያ ወደሱ ዞረች። «ማነው ያዘዘው? ስሙን ይንገረኝ። እሱ ዘንድ ሽማግሌ ይሂድ። በስልክም ቢሆን።»

«አንድ ሰው አይደለም» አለ ሚስተር ኦርሃን። «ኮሚቴ ነው።»

«ኮሚቴውን ይሰብስብልኛ! እኛ ሠፈርም ኮሚቴ አለ። ምን በደልናቸው? ጓንቱ ተበላሸባቸው?»

«ስለ ጓንቱ አያውቁም።»

«ፋብሪካውንስ?»

ሚስተር ኦርሃን ጠረጴዛው ላይ ካለው የሰኞ ሪፖርት አንድ ገጽ ገልጦ አሳየኝ። ገንዘቡ የት የት አገር እንዳለ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነው። ትልልቆቹ አገሮች በስማቸው ተጽፈዋል። ከታች መጨረሻ ላይ «ሌሎች» የሚል አንድ መስመር አለ። ጣቱን እሱ ላይ አደረገ።

«ምን ይላል?» አለች ማናዬ።

«ሌሎች ይላል» አልኳት።

«እኛ የታለን?»

«እሱ ውስጥ ነን።»

ቃሉን ለብቻዋ ደገመችው። ጋሽ ገብረ መድኅን ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ንግግር ግን አልተከተለም። ኦቦ ቱሉ በመስኮቱ ወደ ውጭ፣ ድሮ ማሳቸው ወደነበረው የኮንክሪት ሜዳ ያያሉ። በሕይወቴ ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም። ሲቆጡን ምን እንደምናደርግ እናውቃለን፤ እንለምናለን፣ እናኮርፋለን፣ ሽማግሌ እንልካለን። ለዚህ ግን ምንም የምናውቀው ነገር አልነበረም።

ደረጃውን ስንወርድ ማናዬ ክንዴን ይዛ ነበር። «ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። በሩ ጋ ሴቶቹ ከበቡን። ከፊት የነበረችው ቲና ናት፤ ምሳ ሰዓት ክቡን ካልከፈቱላት አንዷ።

«ታረቃችሁ? ይቅር አለሽ?»

ማናዬ ክንዴን ለቀቀች። ሁሉንም አየቻቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏ የሚናገረውን እየመረጠ መሰለኝ። ከዚያ «እምቢ አለኝ» አለች። «ለመንኩት፣ እግሩ ላይ ወደቅኩ። እምቢ አለ።»

ጋሽ ገብረ መድኅን ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ኦቦ ቱሉ ክንዳቸውን ያዟቸው። ከሴቶቹ አንዷ «ወይኔ!» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ሌላዋ ወደ ማናዬ ጣቷን ቀስራ «አፍሽ! አፍሽ ነው የጨረሰን!» አለች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። ማናዬ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ያቺ ለማንም መልስ የማታሳድር ሴት አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

መንገድ ስንጀምር ደሜ ፈልቶ ነበር። «ምን ነክቶሽ ነው? እውነቱን ለምን አልነገርሻቸውም?» ብዬ ጮህኩባት።

«ምን ልበላቸው? ማንም አልተቆጣም፣ ማንም አያውቃችሁም ልበላቸው?» አለችኝ። «እኔን ይጥሉኝ ግድ የለም። እኔ እዚሁ ነኝ፣ ሲያሻቸው መጥተው ይሰድቡኛል።»

እስከ ቤቷ ድረስ አብረን ሄድን። ውዳሴ በሩን ከፍታ ቆማ ነበር፤ ለእሷ የምትላትን ግን ማናዬ ገና የመረጠች አልመሰለኝም።